ልማዱን ካነሣን እምነቱ የት ይቀመጣል? ከየካ አባዶ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሰፈራችን፣ በአዲስ አበባ ዳር ባለው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «እምነት የልብ ነው፤ የቀረው ልማድ ነው» ይላል። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። የኮንዶሚኒየም ሰው መሆናቸው ግን ያስታውቃል። የውሃውን ፈረቃ፣ የደረጃውን ጨለማ፣ ከመገናኛ የሚነሣውን የታክሲ ሰልፍ ሁሉ ያውቁታል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ቀልድም አለው። እኔም እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ ግን ይኸው መጨረሻው ነው። እሱ ጋ እንደርሳለን።

ላላነበባችሁት ነገሩን ላሳጥረው። እምነት በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ የልብ ጉዳይ ነው ይላሉ ጸሐፊው፤ ጾሙ፣ ዝክሩ፣ ሶላቱ፣ ነጠላው ሽፋን ነው። ጾም ዛሬ የምግብ ዓይነት መቀየር ብቻ ሆኗል። ሃይማኖት ኑሮን የሚቀይር ቢሆን ኖሮ እንደኛ ባለ ሃይማኖተኛ ሰፈር ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ባልኖረ። ትምህርት ነው ልማድን ማዘዝ ያለበት፤ ልማድ ትምህርትን ከነካ ብልሽት ነው። እድርና ማኅበር ደግሞ ማኅበራዊ ጉዳይ እንጂ የእምነት ጉዳይ አይደሉም። ስለዚህ በብሎኮቹ መካከል ያለው የጋራ መገልገያ ቤት ለሱቅ ይከራይና ገቢው ለጥበቃና ለጽዳት ይዋል።

ተራ በተራ ልመልስ። ሁሉም እኩል አያናግረኝም፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ለመጀመሪያው ነጥብ ጸሐፊው ማቴዎስ 23፥23ን ጠቅሰዋል። ጌታ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ቦታ ነው። ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙንም አሥራት ያወጣሉ፤ ፍርድንና ምሕረትን ታማኝነትንም ይተዋሉ። ጥቅሱ ትክክል ነው፤ ግን እዚያ አያልቅም። «ሌላውን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር» ብሎ ነው የሚዘጋው። ከአዝሙድ አሥራት ማውጣታቸው አልተነቀፈም። የተነቀፈው ትልቁን መተዋቸው ነው። ጸሐፊው ይህችን የመጨረሻ ሐረግ ለምን እንደተዉአት አላውቅም። ለክሳቸው ግን አትመችም።

በእስልምናም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ያለ ኒያ፣ ማለትም ያለ ልብ ሐሳብ፣ የተሠራ ሥራ ከአምልኮ አይቆጠርም። ልብ ይቀድማል ማለት ነው። ግን ሰው ኒያውን ብቻ ይዞ «ሰግጃለሁ» አይልም። ዉዱእ አድርጎ ይታጠባል፣ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ይዞራል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል። ልብ የማያስፈልገው አካልም፣ አካል የማያስፈልገው ልብም በሁለቱም ሃይማኖት አላገኘሁም።

ጸሐፊው «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለውን ተረትም ወደ ራሳቸው ወገን ስበውታል። ልብ ካለ ሌላው ይከተላል ለማለት ነው። እስቲ ለቅሶ ቤት እንግባ። የብሎክ ጎረቤት ሞቶ ድንኳን ሲጣል፣ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ሟቹን በደረጃ ላይ በሰላምታ ብቻ የሚያውቅ ነው። እንባ ይዞ አይመጣም። መምጣት ስላለበት ይመጣል፤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ከዚያ አንዷ እናት ሙሾ ታወርዳለች። በመሃል የአባት ነገር ይነሣል። ያ ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣ ሰው የራሱን አባት ያስታውስና አንገቱን ይደፋል። ሰው ለቅሶ ቤት የሚያለቅሰው የራሱን ሙት ነው የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ልብ አልቀደመም። መሄዱ፣ መቀመጡ፣ መስማቱ ልቡን ይዞት መጣ። ለአንድ ተረት ይህን ያህል መልስ በዛ ይሆናል፤ ግን የጽሑፉ ሥር ያለው እዚሁ ተረት ላይ ነው።

ደግሞ ታሪክን እናስብ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ከታተመም በኋላ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ በፊት መጽሐፉ በግእዝ ነው፤ ግእዝ ደግሞ የተማሪ ቤት ሰው ሀብት ነው። የቁርአን የአማርኛ ትርጉም የታተመውም በ1960ዎቹ ነው። ታዲያ ገበሬው፣ ፈታይዋ፣ ነጋዴው እምነቱን ከየት ተማረው? ክርስቲያኑ ከጾሙ፣ ከበዓሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል፣ ከጽዋ ማኅበሩ ተማረው። የወሎ ሙስሊም ከመንዙማው፣ ከዱዓው፣ ከረመዳኑ ተማረው። ለነዚህ ሰዎች ልማዱ ሽፋን አልነበረም። ሽፋኑን ግለጡት ቢባል ከሥር ሌላ ነገር አይገኝም ነበር፤ ትምህርቱ ያለው እዚያው ልማዱ ውስጥ ነው።

ዛሬም ቢሆን ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ቀን የሚቆጥሩት በቅዱሳን ነው። ከጎረቤት ብር ሲበደሩ «ለሚካኤል እመልሳለሁ» ይላሉ። ወሩ በገባ በ12 ማለታቸው ነው። ሚካኤል ሳይከፍሉ ቢያልፍ የሚያፍሩት አበዳሪያቸውን ብቻ አይደለም። ስሙን ጠርተው የተበደሩበትንም መልአክ ነው። ይህን ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ለእኚህ ሴት እምነቱ የሚያልቅበትንና ብድሩ የሚጀምርበትን ቦታ ለይቼ ማሳየት አልችልም። እሳቸውም የሚችሉ አይመስለኝም።

ወደ ጾሙ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሳቁኝ ቦታ አለ። የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ክሬም እያሉ ሲዘረዝሩ «ጾሙ የጎደለው ጾም ብቻ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከፍስክ የሚበልጥ ወጪ የሚወጣበት ጾም አለ። ግን ልብ በሉ፤ የሚወቅሱት ጾምን አይደለም። የሚወቅሱት ግማሽ ጾምን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ብቻ ሆኖ አያውቅም። መጀመሪያ ሰዓት አለው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀመስም፤ ቅዳሴውም የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ከዚያ ምግቡ አለ። ከዚያ ደግሞ ምጽዋቱና ስግደቱ አለ። ኢሳይያስ 58 ላይ ጾም ምን እንደሆነ ሲነገር እንጀራን ለተራበ ስለ መቁረስና የተራቆተውን ስለ ማልበስ ነው የሚያወራው። እንግዲህ በርገሩን የሚያሳፍረው ሌላ ነገር አይደለም፤ ራሱ የጾም ሥርዓቱ ነው። ልማዱ ሲጓደል መድኃኒቱ ልማዱን መጣል ሳይሆን የጎደለውን መሙላት ነው።

ደግሞ ጾም ሰውን ምን እንደሚያስተምረው ጸሐፊው አላዩትም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢዩን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያቱንና የሐዋርያቱን ጾም ብንደምር የምእመኑ የጾም ቀን በዓመት ከ180 አያንስም። የዓመቱ ግማሽ መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ቀን አንድ ሕፃን «አልችልም» ሳይሆን «አሁን አልበላም» ማለትን ይማራል። ይህን ስብከት አላስተማረውም። ምናልባት ስብከቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

የ2017 እና የ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በጥቂት ቀን ልዩነት ነበር የገቡት። የሂጅራው ዓመት ከኛው በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ እንዲህ ያለው መገናኘት ሁልጊዜ አይገኝም። በብሎካችን ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ጸሐፊው ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንፈታ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ገና ናቸው። ስለዚህ የሽሮው ሽታ ደረጃውን እንዳይሞላው በር ገጠም የሚያደርግ ነበር። ማንም አላዘዘም። ማታ መግሪብ ላይ ደግሞ ከላይ ፎቅ ሳምቡሳ ይወርዳል። የምስር ሳምቡሳ ነው። ክርስቲያኑ ጾም ላይ መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለጎረቤት የሚላከው ሥጋ የሌለበት ነው። አንዱ የሌላውን ጾም ለመጠበቅ የራሱን ምግብ ያስተካከለበት ወር ነበር። ይህን የምግብ ዓይነት መቀየር የሚለው ካለ ይበል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ያማል። የጸሐፊው ነጋዴ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይሳለም አያልፍም። ማታ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ብሎ የሚሰጠው ቤት ገብቶ ሲመዘን አንድ ኪሎ አይሞላም። «ሃይማኖቱ ምን ፈየደ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው አይክደውም።

ትምህርቱ የለም እንዳንል፣ አለ። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል ምሳሌ 11፥1። በቁርአን 83ኛው ምዕራፍ ስሙ ራሱ አል ሙጠፊፊን ነው፤ ሚዛን ለሚያጎድሉ ወዮላቸው ብሎ ይጀምራል። የጥንቱን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥትን ብንከፍት 51 አንቀጽ አለው። የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊው ነገር ናቸው፤ ጾም የሚታዘዘው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ውርስ ይናገራሉ። ጾምንና ገበያን በአንድ ጥራዝ ነው ያሰሯቸው አባቶች። ስለዚህ ነጋዴው አልሰማሁም የሚልበት አፍ የለውም።

ታዲያ ለምን ይሰርቃል? ጸሐፊው እምነቱ አቅም ስለሌለው ነው ይላሉ። እኔ ሌላ ነገር እንድናይ እፈልጋለሁ፤ ሚዛኑ የሚሰረቀው የት ነው?

ታክሲ መውረጃው ላይ መሬት አንጥፈው ከሚሸጡት መካከል ሚዛኑ የሚያስጠረጥር አለ። ገዢው ማን እንደሆነ አያውቁም፤ ነገም አያገኙት ይሆናል። ሁሉም ቸኩሏል፣ መሽቷል። ከብሎካችን ሥር ያለው ባለሱቅ ግን የዱቤ ደብተር አለው። ስማችን እዚያ ላይ ነው። እሱም በእድሩ አባል ነው። የእናቱን ለቅሶ እኛ ነን የተቀመጥነው፤ የኛን ልጆች ክርስትና እሱ በልቷል። የእሱ ሚዛን ሲታማ አልሰማሁም። ታክሲ መውረጃው ላይ ካለው ሰው ይልቅ መጽሐፍ ስለሚያነብ ነው? አይመስለኝም። የሚሳለሙት አንድ ደጅ ነው፤ የሚሰሙት አንድ ስብከት ነው። ልዩነቱ አንደኛው እምነቱን ከሚሸጥለት ሰው ጋር የሚያገናኝ ነገር አለው፤ ሌላው የለውም።

እዚህ ላይ የከተማው ዳር ነገር ይመጣል። እኛ እዚህ የተሰበሰብነው በዕጣ ነው። ከካዛንቺስ፣ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከመርካቶ የመጣ አለ። ኮምፒዩተር ነው ጎረቤት ያደረገን። እምነታችንን ይዘን መጣን፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ መስገጃው ተነጠፈ። ማኅበራችንን ግን ይዘን አልመጣንም። እሱ እዚያው አሮጌው ሰፈር ቀረ። ዛሬም ብዙ ሰው በወር አንድ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዞ የድሮ እድሩን መዋጮ ለመክፈል ወደ መሃል ከተማ ይሄዳል። ሲሞት የሚቀብሩት እነሱ ናቸው። ፊት ለፊቱ ያለው በር ላይ ማን እንደሚኖር ግን አያውቅም። አብዛኛው ነዋሪ ደግሞ ተከራይ ነው። ዓመት ሳይሞላ ይቀየራል።

እንግዲህ ጸሐፊው የሚያሳዩን ሰፈር እምነት ሞልቶ ኑሮው ያልተቀየረበት ሰፈር ነው። እኔ የማየው እምነት በየቤቱ ተዘግቶበት የሚገናኝበት ልማድ የሳሳበትን ሰፈር ነው። የልብ እምነት ብቻውን ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ካለ ታክሲ መውረጃውን ይይ። የጸሐፊው ሐሳብ ቢሳካ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ እያንዳንዱ በልቡ አማኝ፣ በሚዛኑ ግን የማንም ያልሆነ።

የኛም ወገን ጥፋት አለበት። አንዳንድ የብሎክ እድር ተከራይ አያስገባም። «ነገ ይሄዳል» ይላሉ። ይሄድ እንጂ! እስኪሄድ ድረስ ሰው አይደለም? እንግዳ መቀበልን የሚያስተምር ሕዝብ ተከራይን ከእድር ሲያስቀር ጸሐፊው ያን ጊዜ ቢስቁብን አልከፋም።

አራተኛው ነጥብ ትምህርት ልማድን ያዛል፤ ልማድ ግን ትምህርትን መንካት የለበትም የሚለው ነው። አነጋገሩ ሲሰሙት ጥሩ ነው። ታሪካችን ግን እንዲህ አልሄደም።

የቅዳሜን ነገር ውሰዱ። መነኩሴው ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርቱ ቅዳሜን እንደ እሑድ ሰንበት አድርገው ያከብሩ ነበር። በዚህ ምክንያት ከቤተ ክህነቱ ጋር ተጣሉ። ኤዎስጣቴዎስ አገር ጥሎ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1352 አርመን አገር ዐረፈ። ደቀ መዛሙርቱ ወደ ሰሜን ጠረፍ ገፉ፤ ገዳም ተከሉ፤ ቅዳሜያቸውን ግን አልለቀቁም። ለአንድ ትውልድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1404 ዐፄ ዳዊት ልማዳቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀዱላቸው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የደብረ ምጥማቅን ጉባኤ ጠርተው የሁለቱ ሰንበታት መከበር የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆነ። ጳጳሳቱ ራሳቸው ከተቃውሟቸው ተመለሱ። መቶ ዓመት የተወገዘ ልማድ ሕግ ሆኖ ገባ ማለት ነው። ዛሬ ጸሐፊውም ሆኑ እኔ ቀዳሚት ሰንበት ስንል የነዚያን ግትር መነኮሳት ልማድ ነው የምንደግመው። ብልሽት ነበር?

ሌላው ቡና ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለብዙ ክርስቲያን ቡና የእስላም መጠጥ ነበር፤ ካህናቱም ይከለክሉት ነበር። ነገሩ የላላው ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሰው መጠጣት ጀመረ፤ ክልከላውም ተከትሎ ለዘበ። ዛሬ የማርያም ዕለት ቡና የማይፈላበት የክርስቲያን ቤት ካለ ንገሩኝና ልይ። ፈንዲሻው ተበትኖ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ሦስተኛው ሲኒ በረካ ተብሎ ነው የሚጠጣው።

የቅርቡን ልጨምር። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያ ጊዜ እንጦጦ ላይ ለጸበል የወጡ ሕሙማን ብዙ ነበሩ። አንዳንዱ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሎት መድኃኒቱን ይተው ነበር። ሌላው ደግሞ ለማንም ሳይናገር ክኒኑን በጸበሉ ይውጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር መሆናቸውንና እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ። ጥያቄውን ያመጣው ሊቅ አልነበረም። የታመመ ሰው ኑሮ ነው ያመጣው። መልሱ ግን ከእምነቱ ውስጥ ተገኘ። እኔ እምነትና ኑሮ ይተራረማሉ የምለው ይህንን ነው።

ልማድ ሁሉ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ለአርባው ተዝካር በብድር በሬ የሚጥል ቤተሰብ አለ። ልጆቹ ዕዳውን ይወርሳሉ። ለሟች ነፍስ የሚጠቅመው ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው፤ ድግሱ ግዴታ አይደለም እያሉ የሚመክሩ ካህናት አሉ። እዚህ ላይ ትምህርቱ ልማዱን ይግራ። ጸሐፊው አንዱን አቅጣጫ አይተዋል፤ ሁለተኛውን ነው የዘጉት።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ወደ ጋራ መገልገያው።

እነዚህ ቤቶች በብሎኮቹ መካከል የተሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከብት የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ የሠርግና የለቅሶ ወጥ የሚሠራበት ቦታ እንዲሆኑ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ወጥ ቤት ውስጥ ለመቶ ሰው አይደገስም። ጸሐፊው ይከራይ ሲሉ በፋሲካ ዋዜማ በጉ የት እንደሚታረድ አልነገሩንም። ደረጃው ላይ ከሆነ የጽዳቱ ገንዘብ ቶሎ ያስፈልገናል።

«ማኅበራዊ እንጂ የእምነት ጉዳይ አይደለም» ላሉት ግን ቀልድ አይበቃም። የኛ እድር ክርስቲያንም ሙስሊምም ጴንጤም አለበት። ሙስሊም ሲያርፍ ቀብሩ በዚያው ዕለት ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ሳይመሽ መቆም አለበት፤ የሚያቆሙት በአብዛኛው ክርስቲያን ወጣቶች ናቸው። ክርስቲያን ሲያርፍ ደግሞ ሙስሊሞቹ ሦስቱንም ቀን ይመጣሉ። ምን ይበላል? በአገራችን ልማድ አንዱ ሌላው ያረደውን አይበላም። ቁርአን 5፥5 የመጽሐፍ ባለቤቶችን፣ ማለትም የአይሁድንና የክርስቲያኖችን፣ ምግብ የሚፈቅድ ቃል አለው፤ ሊቃውንቱ በዝርዝሩ ላይ የራሳቸው ንግግር አላቸው። በወንጌሉም የእስላም ሥጋ የሚባል ክልከላ የለም። ይህን ድንበር ያቆመው ከመጽሐፉ ይልቅ አብሮ መኖሩ ነው፤ ሁለቱም ወገን ግን እንደ እምነቱ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ እድሩ አንድ ነገር አደረገ። ለቅሶ ላይ ሥጋ አይሠራም። ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ምስር ነው። ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። ማንም የራሱን ሕግ አልጣሰም። ይህን ደንብ ያወጣው ጉባኤ አይደለም። ድስቱን የሚያማስሉት እናቶች ናቸው ያወጡት፤ ያወጡትም እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

ይህን በሁለት ቁም ሣጥን ከፍሎ ማኅበራዊውን ወዲህ፣ መንፈሳዊውን ወዲያ ማስቀመጥ ይቻላል? ጸሐፊው የወንጌላውያኑን አብያተ ክርስቲያናት ከልማድ ነጻ ናቸው ብለው አመስግነዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በውጭ ላሉ አጋሮቿ የጻፈችውን ደብዳቤ ግን አላነሡም። የዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ክርክር ወንጌል መስበክንና የሰውን ኑሮ ማልማትን መነጣጠል ልክ አይደለም የሚል ነው፤ ሰው ነፍስ ብቻ ሆኖ አይገለገልም። ደርግ ቄስ ጉዲናን እ.ኤ.አ. በ1979 ገደላቸው። ከልማድ ነጻ ናቸው የተባሉት እንኳ እምነትን በልብ ብቻ መቆለፍን አልተቀበሉም። በዚያው ዘመን ቤተ ጸሎታቸው ሲዘጋባቸው ደግሞ በየሳሎኑ እየተሰበሰቡ ጸለዩ። ያ የቤት ለቤት ኅብረት ዛሬም አለ፤ እኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሐሙስ ማታ መዝሙሩ ይሰማል።

ጥበቃና ጽዳት ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ በዚህ እንስማማለን። ደረጃው ጨለማ ነው፣ ቆሻሻው ይከማቻል። መዋጮው ይጨመር፣ ወይም ቤቱ ለሠርግ ሲያዝ አነስተኛ ክፍያ ይጠየቅ። ለለቅሶ ግን በነጻ ይሁን። ተከራይ ከባለቤት እኩል ይጠቀምበት። ቁልፉ አሁን እንዳለው ከእናቶቹ ጋር ይቆይ።

የኪራዩ ሐሳብ ለሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ በአጀንዳ ተይዟል ተብሏል። ጸሐፊው ቢመጡና ሐሳባቸውን በአካል ቢያስረዱ ደስ ይለኛል። እኔ ከሰብሳቢው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እጅ ከመውጣቱ በፊት ድስቱን የሚያማስሉት እናቶች ቀድመው ይናገሩ። ባለፈው ስብሰባ ዕድል ሳይደርሳቸው ነው የመሸው።